የጥቁሩ ቮልጋ ጭረት

ወርቅአፈራሁ ጥቁሩን ቮልጋ ነድቶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከሚገኘው የኦይታ ጋራዥ በር ላይ ሲያቆም፣ ኦይታ መጀመሪያ የመሰለው ሰውዬው ሊያስይዘው የመጣ ነበር። ሌላ ምን ያመጣዋል? ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ከርመዋል። ሰላምታ የለ፣ ለቅሶ መድረስ የለ። መንገድ ላይ ድንገት ከተገጣጠሙ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል። የሚሻገረው ደግሞ ሁልጊዜ ወርቅአፈራሁ ነው፤ ኦይታማ ሆን ብሎ መሀል መንገድ ላይ ተገትሮ ይቆማል።

ምክንያቱን አርባ ምንጭ ሁሉ ያውቀዋል። የኦይታ ታላቅ ወንድም ዳና፣ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ምእመናኑን እቤቱ እየሰበሰበ ያጸልይ ነበር። ወርቅአፈራሁ የግድግዳ ጎረቤቱ ነው። መዝሙሩን ሰማ፣ ሄዶ ተናገረ። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። አንድ እሁድ ጠዋት የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው ዳናን ከነመጽሐፍ ቅዱሱ ወሰዱት፤ ሚስቱ ዘሪቱ ልጆቿን ታቅፋ በር ላይ ቀረች። ዳና ቮልጋው ጋራዡ በር ላይ እስከቆመበት ቀን ድረስ ከዳገቱ በላይ፣ ሴቻ እስር ቤት ነበር። ፍርድ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ከእስር ቤት ሆኖ «ይቅር በለው» እያለ ይልክበታል፤ ኦይታ ግን ወይ ፍንክች። «እሱ ይቅር ይበል፤ እኔ ሰባኪ አይደለሁም» ነው መልሱ።

ወርቅአፈራሁ ከመኪናው ወረደ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ ቮልጋው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የጓድ ኃይለመስቀል ነው። ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሚሄድበት በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቧል። ወባ ጥሎት ሰንብቶ ገና መነሳቱ ነበር፤ ዐይኑ ጎድጉዷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ኦይታ አላዘነለትም።

«ቀለሙን እይልኝ» አለ ወርቅአፈራሁ፣ ሰላም ሳይል።

«አንተ ዐይን የለህም?»

«ፀሐይ ላይ እየው ነው የምልህ።»

ኦይታ እጁን በቡቱቶ እየጠረገ ወጣ። መኪናውን አየው፤ ዞሮም አየው። ጥላ የወደቀበት ጎኑ መስታወት ነው፣ ፀጉር ያስበጥራል። ፀሐይ ያረፈበት ጎን ግን ጉድ ነው። ኮፈኑ፣ በሮቹ፣ ጣሪያው ሳይቀር፣ ክብ ክብ ጭረት እርስ በርሱ እየተጠላለፈ እንደ ሸረሪት ድር ቦግ ብሎ ይታያል። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ዳሰስ አደረገውና ነገሩ ወዲያው ገባው። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጨንቻ ሴት ሁሉ ድስቷን የምትፈትግበት የእንሰት ቃጫ፣ በላዩ ላይ አመድ ተነስንሶበት። ለጠቆረ ድስት ከሱ የሚሻል የለም። ለመኪና ቀለም ግን ምላጭ ማለት ነው።

«ማን ነው በቃጫ የፈተገው?» አለ ኦይታ።

«ማንስ ቢፈትገው ምን አገባህ? ይጠፋል ወይ?»

«ለምን ቸኮልክ?»

ወርቅአፈራሁ ጋቢውን ሰበሰበ። ይህን ሰው መለመን ሞቱ እንደሆነ ያስታውቅበታል። «ጓድ ኃይለመስቀል አዲስ አበባ ነው። በላብ አደሮች ቀን ጠዋት በአውሮፕላን ይገባል፤ ከበላይ አካል እንግዳ ይዞ። ወደ ሰልፉ የሚሄዱት በዚህ መኪና ነው። ይህን ካየ አሻጥር ነው የሚለው፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ታውቃለህ።»

«እንዴት አላውቅም? አንተ አይደለህ ያስተማርከን?»

ኦይታ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶታል፤ ያ ሰው ወንድሙ ያለበት ግቢ ውስጥ ሲገባ፣ ቀበቶውን ሲያስፈቱት፣ ጫማውን ሲያስወልቁት። ይኸው አሁን የሰውዬው ነጻነት ከነቁልፉ በሱ እጅ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ዐይንህን ላፈር ብሎ ሊያባርረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣለት፣ አፉንም ዘጋ። ቢያባርረው ሰውዬው ወደ ሶዶ ነድቶ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል። ያኔ ማን ያገኘዋል?

«አስገባው» አለ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ጭረት በእውነት የሚጠፋው፣ ቀለሙ ተፈግፍጎ ተፈግፍጎ ከጭረቱ ወለል ጋር እኩል ሲሆን ነው። የመወልወያውን ፓስታ ቀብተህ፣ በዶርዜ የጥጥ ባዘቶ ቀስ እያልክ፣ በቀጥታ መስመር፣ እያጠብክ ፀሐይ ላይ እያወጣህ እያየህ ትሠራዋለህ። ክንድ ያወልቃል፣ ወገብ ይቆርጣል። የሌባው መንገድ ሌላ ነው። ሰም በላምባ ታቀልጣለህ፣ ጭረቱን ትሞላለህ፣ በጨርቅ ታሻሸዋለህ። ከአዲስ መኪና የበለጠ ያበራል። ችግሩ፣ ጥቁር መኪና የአርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሽሮ ያፈላል። ሰሙ ይለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል፤ አቧራው ጭረቱ ውስጥ ይገባና እያንዳንዷን መስመር በነጭ ይስላታል። ያኔ ከሩቅ የቆመ ሰው እንኳ ያየዋል። የሰልፉ ሜዳ ደግሞ ጥላ የለውም፤ አቧራውንማ ሰልፈኛው ያመጣዋል።

ኦይታ የሌባውን መንገድ መረጠ። በዕድሜው ለማንም ደንበኛ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም። እጁ ለተንኮሉ እንደዚያ መታዘዙ ለራሱም ገረመው፤ አንዲት መስመር ሳይዘል፣ የበሩን እጀታ ሥር ሳይቀር፣ ለወዳጁ እንደሚሠራ ሰው ተጠበበበት። ወርቅአፈራሁ ከጎኑ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እየተንቀጠቀጠ ያየዋል። አልሄድልህ አለው። አላመነውም መሰለኝ፤ ማንስ ቢሆን ያምነዋል?

«ምንድን ነው ላምባ ላምባ የሚሸተው?» አለ በመሀል።

«ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ እኔ? ካልተስማማህ ሶዶ ውሰደው።»

«ዝም ብዬ ጠየቅኩህ።»

«አንተ ዝም ብለህ የምትጠይቀው ነገር የለም። ስትጠይቅ ሰው ይታሰራል።»

ወርቅአፈራሁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ። «በየስብሰባው ያየህን፣ የሰማህን ተናገር ይሉናል። ባልናገርና በሌላ ሰው ቢደረስበት እኔስ? ጎረቤቱ ሆነህ እንዴት አልሰማህም ቢሉኝ?»

«ስለዚህ ወንድሜ ይበስብስ።»

«እንዲህ ይቆያል አላልኩም ነበር። ያስፈርሙትና ይለቁታል ብዬ ነው።»

«አፍህን ያዝልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለው ኦይታ፣ ጨርቁንም ሰሙ ውስጥ ነከረ።

መኪናው ሲያልቅ ሰው አይቶ አይጠግበውም። ወርቅአፈራሁ ዞረው፣ ጎንበስ ቀና እያለ አየው፤ ሽታው ካልሆነ በቀር እንከን አጣበት። «እግዜር ይስጥልኝ» የምትለዋን ቃል ከጉሮሮው እንደ አጥንት አወጣት። ኦይታ ጀርባውን ሰጠው። ጀርባውን የሰጠው ሳቁ እንዳይታይበት ነበር።

በላብ አደሮች ቀን ጠዋት ኦይታ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ያለችውን አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሰልፍ ወዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ታመምኩ እያለ ነው የሚቀረው። ያን ቀን ግን ከፊት ቆሞ ማየት አማረው። ጋራዡን ሊቆልፍ ሲል ዘሪቱ ደረሰች። የዳና ሚስት ዘሪቱ የሰልፍ ልብሷን ለብሳለች፤ እሷም እዚያው የጓድ ኃይለመስቀል መሥሪያ ቤት ውስጥ ጽዳት ናት፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰለፍ ታዟል። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ያመጣችውን አንድ እጅ ሙዝ ዘረጋችለት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት በጋሞኛ። «ሙዙን ለልጆችሽ አታበያቸውም?»

«ያንተ ነው። ኦይታ፣ አንተ ባትኖር ዛሬ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «እንዳልነግርህ ተብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን ሥራው አለቀ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምኑን ነው ያልነገርሽኝ?»

«መኪናውን። የፈተግኩት እኔ ነኝ። ወርቅአፈራሁ ወባ ሲጥለው እጠቢልኝ አለኝ። ለበዓሉ ይመር ብዬ የእናቴን ቃጫ ከቤት አምጥቼ፣ አመድ ነስንሼ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩት። ደስ ብሎኝ እኮ ነበር። ኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት አየሁትና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እሱ መጥቶ አየውና ‹ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ የዳና ሚስት ነች ካሉ ጥፋት ብቻ አይሉትም፣ ፀረ አብዮት ነው የሚሉሽ፣ ልጆችሽ ሜዳ ላይ ይቀራሉ› አለኝ። ከዚያ ነው ወዳንተ ያመጣው።»

ኦይታ ክው አለ። ሙዙን እንደያዘ ቆመ። ምን ይላታል? ወርቅአፈራሁን ላሳስርልሽ ብዬ አንቺን አሳሰርኩሽ ይበላት? በሩን ሳይቆልፍ መንገድ ወጣ፤ ዘሪቱም ተከተለችው። ሰልፈኛ የጫነ የጭነት መኪና ወደ ሴቻ ዳገት ሲያቃስት አገኙና ተንጠላጠሉ። ዘሪቱ «ምን ሆንክ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችው። እሱ የሚያየው ፀሐይዋን ነው፤ ያለ ቅጥ ከፍ ብላለች።

ሜዳው ሞልቷል። ቀይ ባንዲራ፣ ቀይ ጨርቅ፣ የሙዚቃ ጓድ። ዘሪቱ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሰልፍ ገባች። ጓድ ኃይለመስቀልና እንግዳው መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቮልጋው ከመድረኩ ሥር፣ ፀሐይ መሀል ቆሟል። ወርቅአፈራሁ ጋቢውን ጥሎ፣ ካፖርቱን ቆልፎ ከጎኑ ቆሟል። ኦይታ ሰው እየገፋ ደረሰበት።

«አንሳው። ጥላ ውስጥ አስገባው» አለው በሹክሹክታ።

«አብደሃል? አሁን ሊሳፈሩ ነው።»

«ሰም ነው የቀባሁት። ጭረቱን አላጠፋሁትም፣ ሸፈንኩት እንጂ።»

ወርቅአፈራሁ ጣቱን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ተጣብቆ ተነሳ። ሰልፈኛው ያስነሳው አቧራ እየወረደ ነው፤ በዐይናቸው ሥር፣ እንደ እንጀራ ዐይን፣ ክቦቹ አንድ በአንድ ነጭ እያሉ መውጣት ጀምረዋል። ወርቅአፈራሁ ወደ ኦይታ ዞረ።

«እንዲያስሩኝ ብለህ?»

«አዎ።»

«እሷን አላሰብካትም?»

«እሷ መሆኗን የነገረኝ የለም። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ በደንብ ትሠራው ነበር?»

«ለሷ ብዬ እሠራው ነበር።»

«ለኔ ግን አትሠራውም።»

«ላንተ አልሠራውም» አለ ኦይታ። በዚያች ሰዓት እንኳ ሊዋሽለት አልፈለገም።

የሸሚዙን ጫፍ አውጥቶ ኮፈኑን ሊጠርግ ሞከረ። ይባስ ብሎ አቧራና ሰም ተለውሶ ጭቃ ሆነ። አንድ ጠባቂ ክንዱን ይዞ ወደ ሕዝቡ ገፈተረው። ወዲያው ጓድ ኃይለመስቀል እንግዳውን አስከትሎ ከመድረኩ ወረደ። እንግዳው የመኪናውን በር ሊይዝ እጁን አሳርፎ ነበር፤ መዳፉ ላይ የተለጠፈውን ነገር አየና ፊቱን አኮሳተረ። ጓድ ኃይለመስቀል መኪናውን አየ። ከኮፈኑ እስከ ኋላው በዐይኑ ሄደበት። ጥቁሩ ቮልጋ በኖራ የተሞነጫጨረ መስሎ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ። ሳይጮህ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። «መኪናዬን የነካው ማን ነው?»

ኦይታ ወደ ሰልፉ ዞረ። ዘሪቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መሀል ቆማለች። አንድ እግሯን ወደፊት ስታነሳ አየ። አሁን እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። እውነቱም እኮ ነው፤ አሻጥር የሠራ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ግን እስር ቤቱ ታየው፣ ቃሉን ዋጠው።

«እኔ ነኝ ጓድ» አለ ወርቅአፈራሁ።

«አንተ ምን?»

«በቃጫና በአመድ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጭረቱን ለመደበቅ ሰም የቀባሁትም እኔ ነኝ። ሌላ የነካው ሰው የለም።»

ዘሪቱ እግሯን መለሰች። ጓድ ኃይለመስቀል ለጠባቂዎቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ፤ ወርቅአፈራሁን ከነካፖርቱ ይዘውት ሄዱ። በኦይታ አጠገብ ሲያልፍ ዞር ብሎ አላየውም። ኦይታ የተመኘውን አየ፤ ከፊት ቆሞ፣ በንጹሕ ሸሚዙ።

በሚቀጥለው የእስረኛ ጥየቃ ቀን ዘሪቱ ለባሏ ስንቅ ስትቋጥር ቆጮው ከወትሮው በዛ፣ የሀለኮ ቅጠሉ ወጥም በሁለት ዕቃ ሆነ። እሷ ልጇ ታሞባት ስለነበር ማድረሱ ለኦይታ ወደቀ።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለሁለቱ።»

«እሱ ዘመድ የለውም?»

«አገሩ ጎንደር ነው። እዚህ ማን አለው?» አለችው። ቀና ብላም አላየችው። ሜዳው ላይ ዝም ማለቱን አይታለች፤ ስለ ሰሙም ራሱ ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአስፈላጊው ቃል በላይ አታናግረውም።

ኦይታ ስንቁን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። መንገዱን ሙሉ ሰውዬውን ረገመው። ማን እንዲህ አድርግልን አለው? ሲያሳስርም ሳያማክር፣ ሲታሰርም ሳያማክር። ዕቃውን ጉድባ ውስጥ ሊደፋው ሁለት ጊዜ ቆመ። አልደፋውም፤ የዘሪቱ እጅ ነው።

ከእስር ቤቱ የሽቦ አጥር ማዶ ዳና ብቅ አለ። ከስቷል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው። ወርቅአፈራሁን በብብቱ ደግፎ ይዞታል፤ ወባው ተነስቶበት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ የዳናን ብርድ ልብስ ደርቧል።

«እንኳን መጣህ» አለ ዳና። «የወባ ክኒን አፈላልግለት ወንድሜ። ማታ ማታ ያቃዠዋል።»

«እሺ» አለ ኦይታ።

«ይቅር ተባብለናል፤ አንተም ቂምህን ተው። የሠራውን ነግሮኛል፣ መኪናውን በቃጫ ፈትጎ ሰም ቀባሁበት አለኝ።» ዳና ራሱን ነቀነቀና ወደ ወርቅአፈራሁ ዞረ። «አንተ ሞኝ ሰው፣ እንዲህ ከምትሆን ኦይታ ጋ ይዘኸው አትሄድም ነበር? ወንድሜ ቂመኛ ቢሆንም በሥራው አይቀልድም። አንድ ጭረት ሳያስቀር ያወጣልህ ነበር።»

ወርቅአፈራሁ በትኩሳት የቀላ ዐይኑን አንስቶ ኦይታን አየው። ዐይኑ ውስጥ ምሕረት አልነበረም፤ ልመናም አልነበረም።

«ጊዜ አልነበረኝም» አለ።

ዳና ኦይታን አየው፤ የሚለው ነገር ካለ የጠበቀ ይመስላል። ኦይታ ስንቁን በሽቦው ሥር አሾልኮ ሰጣቸው። ለወርቅአፈራሁ የተቋጠረው የትኛው እንደሆነ በጣቱ አሳየና ተመለሰ። ስንቁን አራግፎ፣ የሰውዬውን ውለታ ተሸክሞ ዳገቱን ወረደ። ወንድሙን ከወሰዱበት ከዚያ እሁድ ጠዋት ይልቅ፣ ያን ሰው አብልጦ የጠላው ያን ቀን ነው።